ሜዳ የሌለው ጨዋታ

ሞንጎሊያ በሩሲያና በቻይና መካከል ተወሽቃ የተቀመጠች፣ የባሕር በር የሌላት አገር ናት። በዚህስ ከእኛ ጋር ዘመዳሞች ነን። ሕዝቧ ሁሉ ተጠራርቶ ቢመጣ አዲስ አበባ ብቻዋን ታሳድረዋለች። ታዲያ በየዓመቱ፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 4 ቀን ሲደርስ፣ ይህ ሕዝብ ሥራውን ጥሎ ሜዳ ይወጣል። በዓሉን ናዳም ይሉታል። ጨዋታው ሦስት ነው፤ ትግል፣ ቀስት ውርወራና የፈረስ ግልቢያ። ፈረሶቹን የሚጋልቡት ሕፃናት ሲሆኑ፣ ርቀቱ እንደ ፈረሱ ዕድሜ እየታየ አሥር ኪሎ ሜትርም፣ ከሃያ በላይም ይሆናል። እኔን ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን የመጨረሻው ነገር ነው። በሁለት ዓመት ፈረሶች ውድድር ጭራ ሆኖ የገባው ፈረስ አይሰደብም፤ ይዘፈንለታል። ዘንድሮ ባይሆንልህ ለከርሞ ይሆንልሃል የሚል ዓይነት ማጽናኛ ነው።

ዩኔስኮ ናዳምን እ.ኤ.አ. በ2010 በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ከአውሮፓና ከጃፓን ወደዚያ የሚጓዘው ብዙው ቱሪስት የአውሮፕላን ቲኬቱን የሚቆርጠው ይህን ቀን አይቶ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሞንጎሎቹ ናዳምን ለቱሪስት ብለው አልፈጠሩትም። ቱሪስት የሚባል ፍጡር ሳይታወቅ በፊት ይታገሉ ነበር፤ ነገ ቱሪስቱ ቢቀር ደግሞ መታገላቸውን አይተዉም። እንግዳው የመጣው በሰው ድግስ ላይ ነው። የድግሱም ጣዕም ከዚያ የመነጨ ነው።

መቼም ይህን ያነበበ ሰው «የእኛስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

የእኛ አገር ጨዋታ ከቀን መቁጠሪያው ጋር የተሰፋ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ከብት ጠባቂው ቆልማማ ዱላ ከጫካ መርጦ ይቆርጣል። ዱላውም ጨዋታውም በዓሉም ስማቸው አንድ ነው፤ ገና። ጥንጓ ከእንጨት ወይም ከጠፍር ትሠራለች። ተጫዋቹ በቁጥር አይወሰንም፤ ላይኛው መንደር ከታችኛው፣ ያገባው ካላገባው ይገጥማል። የሜዳው ወሰን ሜዳው ያለቀበት ቦታ ነው። ይልቁንም ትልቁ ነገር በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል መሆናቸው ነው። ዓመቱን ሙሉ ቀና ብሎ ያላየውን ጌታውን ሎሌው በጥንግ ቅልጥሙን ቢለው ጌታ መቆጣት አይችልም፤ ተረቱም ይህንኑ ይላል። ማታ ደግሞ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ሲሞልጨው ያመሻል። በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን ስለ ቃል ግጥም ስጠይቃቸው ሁሉም ወደ ሠርግና ወደ ለቅሶ ይሮጡ ነበር። የገናን ስድብ የሚያስታውስ ከሃምሳው አንድ ቢገኝ ነው። ስድብ ግን የሥነ ጽሑፍ ታናሽ ወንድም አይደለም፤ ድሃው ባለጸጋውን በአደባባይ የሚናገርበት የተፈቀደ ቀን ነበር።

ጉግስ ደግሞ የጥምቀትና የመስቀል ነው። ሁለት ጎራ ፈረሰኛ ይሰለፋል፤ አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያባርራል። አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ይህ ጨዋታ የጦር ትምህርት ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፈረስ ስማችን ምስክር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ አባ መላ ይባሉ ነበር። አንድ ሰው በአባቱ ስም ይወለዳል፣ በፈረሱ ስም ግን ሰው ይሆናል። እንግዲህ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ፈረሰኛ አሰልፎ መቀበል የቤተ መንግሥት ወግ የሆነው ለዚህ ነው። እንግዳው ያየው ትርኢት ቢመስለውም፣ አገሬው ያሳየው ጉልበቱን ነበር።

ዘመን ተለወጠ። ጦርነቱ በአውሮፕላን ሆነ፣ ፈረሱም ከአደባባይ ወደ ጋሪ ወረደ። በ1950ዎቹ ደግሞ ቱሪዝም የሚባል ነገር በመንግሥት ደረጃ ተቋቋመ። የዘርፉ አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር ይዘው ብቅ አሉ፤ መፈክሩም በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል አገለገለ። ሥራቸው ትልቅ ነው፤ የአክሱም፣ የላሊበላ፣ የጎንደር ጉዞ ስም ያገኘው በእሳቸው ዘመን ነው። ሁለቱንም መፈክሮች አስተውላችሁ ብታነቧቸው ግን አንዱ ፀሐይን ሌላው ጥንትን ይሸጣሉ። ፀሐይም ድንጋይም ዓመቱን ሙሉ ባሉበት ናቸው። «እገሌ በሚባለው ቀን ካልመጣህ ያመልጥሃል» የሚል ነገር በውስጣቸው የለም።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ሲሆን ኢትዮጵያን ለዓለም ያስተዋወቃት ስፖርት ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ ወርቅ አጠለቀ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደገመው። በመካከሉ፣ በጥር 1954 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ ዋንጫን አዲስ አበባ ላይ አዘጋጅተን ግብፅን 4 ለ 2 ረታንና ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ደግመን አስተናገድን። ሁሉም ግን መጥቶ የሚሄድ ድግስ ነበር። ሯጮቻችን በየከተማው ሲሮጡ የዓለም ሕዝብ ያያቸዋል፤ የዓለም ሕዝብ እኛ ዘንድ መጥቶ አብሮን የሚሮጥበት ቀን ግን አልነበረንም።

ያ ቀን የተገኘው ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንግሊዝ አገር ኒውካስል አካባቢ የሚካሄደውን ታላቁን የሰሜን ሩጫ ዓይነት ለአገሩ ተመኘ። የዚያ ሩጫ መሥራች ብሬንዳን ፎስተርም አይዞህ አለው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በአሥር ሺህ ሰው ተጀመረ፤ ርቀቱም አሥር ኪሎ ሜትር። በወንዶች ኃይሌ ራሱ፣ በሴቶች ብርሃኔ አደሬ አሸነፉ። ዛሬ ተሳታፊው ከአርባ ሺህ በላይ ነው። ከውጭም ለዚህ ቀን ብለው የሚመጡ አሉ። እነዚህ ሰዎች የመጡት ኃይሌን ወይም ጥሩነሽን ለማየት ብቻ አይምሰላችሁ። ያንን በቴሌቪዥን ያያሉ። የመጡት ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ከፍታ በላይ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ የዓመቱን ቲሸርት ለብሰው፣ ጎናቸው ያለው የመርካቶ ልጅ «አይዞህ ፈረንጅ!» እያላቸው ለመሮጥ ነው። ከፊት ሩጫ አለ፤ ከኋላ ጭፈራ፣ እስክስታ፣ ሆ ማለት አለ። በእኔ ግምት ታላቁ ሩጫ የገና ጨዋታ የልጅ ልጅ ነው። የባንክ ሥራ አስኪያጁም ሊስትሮውም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው አንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ፤ የተገፋውም አይቆጣም።

አንዳንድ ሰው ይህ በከተማ ብቻ የሚሆን ነገር ይመስለዋል። እንጅባራ ይመልስለታል። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የሚባል አለ። የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ ገና ጣልያን በአገሩ ላይ እያለ ነው። የዓድዋ ዘማች አባቶችና በየጦርነቱ ያለቁ ፈረሶቻቸው እንዲታሰቡ በሚል ተቋቋመ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ፣ ፈረሱ በዛጎልና በቀይ ጨርቅ አጊጦ ሜዳ ይወጣል። ግልቢያ አለ፣ ጉግስ አለ፣ ሽርጥ አለ። ይህ ማኅበር ሦስት መንግሥት ሲለዋወጥ ኖረ። ለምን ኖረ ብትሉ፣ የአባላቱ ስለሆነ ነው። ማኅበሩ እንደ ዕድር ነው፤ አባል ሲሞት በፈረስ ይሸኘዋል፣ ሲጣላ ያስታርቀዋል። የጥር 23ቱ ግልቢያ የዓመቱ ኑሮ ማሳረጊያ ነው። ጋዜጠኛና ቱሪስት የመጣው በስተኋላ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ሰባት ቤት ልውሰዳችሁ፤ ወደ ጉራጌ። መንገዳችን በጥያ በኩል ነው።

ጥያ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ ራሱ ታሪክ ነው፤ ጉራጌ በ1950ዎቹ ከኪሱ እያዋጣ መንገድ ማሠራት የጀመረበት አቅጣጫ ነው። በጥያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። አብዛኛዎቹ የሰይፍ ምስልና እስከ ዛሬ በትክክል ያልተነበበ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። በቁፋሮ የተገኘው ነገር ልብ ይነካል። ከሥራቸው መቃብር ነው፤ የተቀበሩትም ባብዛኛው ወጣቶች ናቸው፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚገመቱ። እንግዲህ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አንድ ሕዝብ ለወጣቶቹ ይህን ያህል ድንጋይ አቆመ ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ወደ ቡታጅራ ስንወርድ ቆም ብለን ነበር። አንድ ሚኒባስ ፈረንጆች አወረደ። ዞሩ፣ ፎቶ አነሡ፣ አስጎብኚያቸውን ሰሙ፣ ተመልሰው ገቡ። ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ ሃያ አምስት ደቂቃ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የነበረ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ሚኒባሱን በዓይኑ ሸኘና «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ድንጋዩን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ከእኛ ጋር ግን አንተዋወቅም» አለኝ።

«ምን ብታሳዩአቸው ትወዳለህ?» አልኩት።

«ለመስቀል ቢመጡ ነበራ! ያኔ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። ግን ማን ነግሯቸው ያውቃል?»

ከዚያ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ ለከርሞ አዲስ አበባ አጎቱ ሱቅ ሊገባ እንደሆነ ጨመረልኝ። እኔ ከዚህ ልጅ የተሻለ የቱሪዝም አማካሪ አላገኘሁም። ችግሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። አንደኛ፣ ጥያ ያለው ድንጋይ ነው፣ ቀን የለውም። ድንጋዩ ሁልጊዜ ስላለ እንግዳው የሚያድርበት ምክንያት የለውም። ሁለተኛ፣ ቀኑ አለ፣ ግን ለእንግዳ አልተነገረም።

ለመሆኑ ወደ ጉራጌ አገር በየዓመቱ የሚጎርፈው መንገደኛ ማነው? ፈረንጁ አይደለም። ጉራጌው ራሱ ነው። መስከረም ሲጠባ የመርካቶ ሱቅ ይዘጋል፣ የአውቶቡስ ተራ ይጨናነቃል፣ ከድሬዳዋም ከጅማም ከአሜሪካም ሰው ወደ ትውልድ መንደሩ ይገባል። ለመስቀል ቤቱ ያልገባ ጉራጌ እንደጠፋ ይቆጠራል። ክትፎው ይበላል፣ ደመራው ይለኮሳል፣ ልጃገረዱና ጎረምሳው ይጨፍራል። ከዚህ የበለጠ ዓመታዊ የጉዞ ቀን በአገራችን ስንት አለ? እንግዳ ከመጋበዙ በፊት የቤቱ ልጆች ተሰብስበው ይጠብቃሉ። የሞንጎሊያው ናዳም የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሜዳ ደግሞ ስም አለው፤ ጀፎረ። ከወልቂጤ ወደ እዣ፣ ወደ ጉመር፣ ወደ ቸሃ የገባ ሰው አይቶታል። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ይሰለፋሉ፤ ከየቤቱ ጓሮ እንሰት፤ በመካከሉ ደግሞ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ሰፊ፣ ረጅም አረንጓዴ ሣር። መንገድ ነው ብትሉ መንገድ ነው። ነገር ግን ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሸንጎውም፣ የመስቀሉ ጭፈራም፣ የገናው ጨዋታም፣ የፈረሱ ግልቢያም እዚያው ነው። በጉራጌ ባህላዊ ሕግ ጀፎረን ገፍቶ አጥሩን ያስጠጋ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቆማል። የከተማ ፕላን የሚባለውን ነገር ማዘጋጃ ቤት ሳይኖር በፊት ሕዝቡ በሣርና በቃል ሠርቶት ነበር። ስታዲየም ሳይባል ስታዲየም፣ ቲኬት የሌለው፣ የክብር ትሪቡን የሌለው።

ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «የሽነጋ መንደር» የተባለውን ልብ ወለዱን በቸሃኛ ጽፎ፣ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። የመንደሩን ኑሮ በራሱ ቋንቋ ለመያዝ የተጣደፈ ይመስለኛል፤ ሊለወጥ እንደሆነ አውቆ። ተለውጧልም። ዛሬ በየቦታው ጀፎረው ይበላል። አንዱ ባሕር ዛፍ ይተክልበታል፣ ሌላው አጥሩን ሁለት ክንድ ያስጠጋል፣ ከከተማ የተላከ ገንዘብ የብሎኬት ቤት ሲሠራ ድንጋዩና አሸዋው እዚያው ይደፋል፣ አስፋልት ሲመጣም በመካከሉ ይሰነጥቀዋል። ማንም በክፋት አላደረገውም። መሬት ጠበበ፣ ልጅ በዛ። ሽማግሌውም «ተው» ሲል የሚሰማው ቀነሰ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ። ፈረስ ቢጠፋ ይገዛል። ጥንግ ቢጠፋ ይጠረባል። ዘፈኑ ቢረሳ ከአንዲት አሮጊት ይቀዳል። ሜዳ ግን አንዴ ከታጠረ አይመለስም። አዲስ አበቤ ይህን ያውቃል፤ የሰፈር ሜዳ የሚባለው ኳስ ሜዳ ሁሉ የት ገባ? ጥምቀትን የሚያህል በዓል የሚውልበት ጃንሜዳ እንኳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ሆኖ፣ ለ2013 ጥምቀት እንዲደርስ የተጸዳው ስንት ጭቅጭቅ ካለፈ በኋላ ነው። ጃንሜዳ የሚጮህለት ሰው ነበረው። ለአንድ የጉመር ጀፎረ ማን ይጮህለታል?

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳብ ስነግረው ተቃወመኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ቱሪስት ሲመጣ ጨዋታው ትያትር ይሆናል። ነገ ማክሰኞ ለአሥር ጀርመኖች ገና አጫውቱ ይባላል» አለኝ። ፍርሃቱ እውነት አለው። እሱ የሚለውን የሆቴል እስክስታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዘፋኙ ሰዓቱን እያየ፣ እንግዳው ምግቡን እያኘከ። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው ቀኑን ማን ይወስናል በሚለው ላይ ነው። እንጅባራ ጥር 23ን ለማንም ብላ አታዛውርም። ታላቁ ሩጫም እንግዳውን ወንበር ላይ አያስቀምጠውም፤ ቲሸርት ሸጦለት ሕዝብ መካከል ይለቀዋል። ቀኑ የባለቤቱ ከሆነና እንግዳው ከተጋፊው አንዱ ከሆነ ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። እንግዳ ሲመጣ ቀኑ የሚዛወር፣ ሜዳው የሚታጠር፣ ለባለሥልጣን ድንኳን የሚተከል ከሆነ ግን የወዳጄ ትንቢት ይፈጸማል።

በጥያና በቡታጅራ፣ በወልቂጤም ቢሆን፣ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ለመስቀል ሰሞን ከየአገሩ የተሰበሰበ ልጅ አለ። አንድ ቀን ሩጫ፣ አንድ ቀን የፈረስ ግልቢያ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ገና። በዚያ በጥያ ድንጋዮቹ መካከል መሮጥ አይገባም፤ መቃብር ነው። ከአጥሩ ውጭ ግን ገጠሩ ሰፊ ነው። ያ ሚኒባስ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆሞ የሚሄደው አዳር የሚያስቆርጥ ነገር ስላጣ ነው። አንድ ሌሊት ቢያድር አልጋ ያከራየ፣ ቆጮ የጋገረች፣ ፈረስ ያበደረ ሰው ሁሉ ይጠቀማል። ከዚያ ገቢ ላይ ለሜዳው ጥበቃ ቢቆረጥ ደግሞ ሽማግሌው «ተው» ሲል የሚደግፈው ያገኛል። ይህን ስል ያ ልጅ ሱቅ አይግባ ማለቴ አይደለም። ይግባ፤ ነግዶ ያድግ። ለመስቀል ሲመለስ ግን የሚሮጥበት መሬት ይጠብቀው ነው የምለው።

ጉራጌ ከኪሱ አዋጥቶ መንገድ የሠራ ሕዝብ ነው። ሜዳ ለመጠበቅ መንገድ የመሥራትን ያህል እንኳ አይከፈልም፤ የሚጠይቀው አጥርን ባሉበት ማቆም ነው። እናንተ ለመስከረም አገር የምትገቡ አንባቢዎቼ፣ ከክትፎው በኋላ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከሰፈራችሁ ሽማግሌ ጋር ወጥታችሁ ጀፎረው በእሳቸው ልጅነት እስከ የት ይደርስ እንደነበር ጠይቋቸው። በእጃቸው እያመለከቱ ይነግሯችኋል። ከዚያ አጥሩን ያስጠጋው ማን እንደሆነ እዩ። የራሳችሁ ቤት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሽማግሌ ሳይቀመጥ አጥራችሁን ወደ ኋላ መልሱት።